የቬነስ የቀይ ጠመኔ ንድፍ፦ ዋናው፣ ግልባጩ ወይስ ኅትመቱ?

የፓሪሱ ሠዓሊ ፍራንሷ ቡሼ (1703–1770) የሮማውያን የፍቅርና የውበት አምላክ የሆነችውን ቬነስን በጠመኔ ደጋግሞ ነድፏታል። ዛሬ በስሙ ለሽያጭ የሚቀርብ የቬነስ ወረቀት ግን ከሦስት የተለያዩ ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በመስታወት ተሸፍነው ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ደግሞ ሦስቱም ይመሳሰላሉ።

ዋናው ንድፍ የሠዓሊው እጅ ያረፈበት ነው። ቀይ ጠመኔ ቅላቱን ከብረት ኦክሳይድ ያገኘ የሸክላ አፈር ስለሆነ፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ ዱቄቱ የወረቀቱን ጉብታዎች ይዞ ስርጉዶቹን ባዶ ይተዋቸዋል፤ እጁ በጠበቀበት መስመሩ ይደምቃል፣ በላላበት ይሳሳል። የትከሻው ወይም የወገቡ መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ የታረመበት ቦታም ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ለእኔ ከፍተኛውን ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ የፍለጋ ዱካ ነው። ሆኖም በእጅ የተነደፈ ሁሉ የቡሼ አይደለም፤ ሌሎችም ሥራዎቹን በዚያው ጠመኔ እያስመሰሉ ይሠሩ ስለነበር፣ ወረቀቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ማስረጃ ሳይዙ የሠዓሊውን ስም ዋጋ መክፈል አይገባም።

ግልባጩ የሚገኘው እርጥብ ወረቀት በዋናው ላይ ተነጥፎ በማተሚያ ሲጫን ነው። ምስሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል፣ ይደበዝዛልም። የቀኝ እጅ ሠዓሊ የጥላ መስመሮች በአብዛኛው ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ ስለሚያዘነብሉ፣ በተቃራኒው ካዘነበሉ ግልባጭ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ሠዓሊው ራሱ በአዲስ ጠመኔ ካላደሰው በቀር፣ ደብዛዛ ግልባጭ በንድፍ ዋጋ ሊገዛ አይገባውም።

ኅትመቱን የሠሩት እንደ ዣን ሻርል ፍራንሷና ዢል ደማርቶ ያሉ ቀራጮች ናቸው፤ ጥርስ ባላቸው ትናንሽ መንኮራኩሮች ለማተሚያ የሚያገለግለውን የመዳብ ሰሌዳ በነጥብ እየወጉ የጠመኔን ሻካራ መስመር ያስመስሉ ነበር። በተለይ ደማርቶ ከቡሼ ንድፎች ብዙ ስላተመ፣ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ገዢ የእሱን ኅትመት ያለ ማመንታት እመርጥለታለሁ፤ በዘመኑ የተሠራ፣ ራሱን የቻለ ጥበብ ነውና። የሚለየው መስመሩ ከቀለም ነጥቦች የተሠራ በመሆኑና የመዳቡ ጠርዝ በወረቀቱ ላይ በተወው ስርጉድ ነው፤ ኅዳጉ ከተቆረጠ ግን ስርጉዱም፣ ከታች የተጻፉት ስሞችም አብረው ይጠፋሉ።

ቀይ ጠመኔ ብርሃንን ይቋቋማል፤ ወረቀቱ ግን ስለሚጎዳ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ባይበልጥ ይመረጣል። ተራ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ሙላቱ የጠመኔ ዱቄትን ሊስብ ስለሚችል፣ ለንድፉም ለግልባጩም መሸፈኛ መስታወት ይሻላል። ለመለየት ብሎ በጣት ማሸት ፈጽሞ አይገባም። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ወረቀቱን ከፍሬሙ አውጥቶ ፊቱንም ጀርባውንም እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ካልፈቀደ፣ ከኅትመት ዋጋ በላይ አይክፈሉ።