ባሩን እንመን ወይስ ቁጥሩን?

ስልካችን አናት ላይ ያሉትን የኔትወርክ ባሮች ሁላችንም እናያለን። አራት ከሆኑ ደስ ይለናል፣ አንድ ከሆነ ወደ መስኮት እንጠጋለን። ችግሩ፣ አንድ ባር ስንት እንደሆነ የጋራ ልክ የለውም። የሚወስነው አምራቹ ነው። አፕል ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. አይፎኖቹ ብዙ ጊዜ 2 ባር አብዝተው ያሳዩ እንደነበር አምኗል።

ስልኩ የሚያገኘውን የኔትወርክ ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር ግን አይሸነግልም። የሚለካው በዲቢኤም (dBm፣ የሲግናል ኃይል መለኪያ) ነው፣ ከፊቱም የመቀነስ ምልክት አለው። ብዙ ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው፤ ጠንካራው ወደ ዜሮ የቀረበው ነው። በ4ጂ -85 ጥሩ ነው፣ -115 ደካማ። ልዩነቱ 30 ብቻ ይመስላል አይደል? በየ10ሩ ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚወርድ ግን አንድ ሺህ እጥፍ ነው!

በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከዚያ «የሲም ሁኔታ» ጋ ታገኙታላችሁ።

ለመደወል ባሩ ይበቃል። የ4ጂ ራውተር የት ላስቀምጥ ለሚል ሰው ግን ቁጥሩን እያዩ ቤቱን መዞር ይሻላል። ሁለቱም የማይነግሩን ነገር ደግሞ አለ፤ ታወሩ ላይ ሰው ከበዛ ባሩ ሙሉ ሆኖም ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል። በበዓል ዋዜማ ቪዲዮ ለመላክ የሞከረ ያውቀዋል።