የስፒከርን ጉርምርምታ ለማጥፋት ምን እንግዛ? የድምፅ ትራንስፎርመር፣ የአንቴና አይሶሌተር ወይስ ኦፕቲካል ገመድ

ዲሽ፣ ሪሲቨርና አምፕሊፋየር በተገናኙበት ቤት፣ ሙዚቃው ቆሞም ከስፒከሩ የማይጠፋ ወፍራም ጉርምርምታ የሚሰማ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በመሬት መስመር የተፈጠረ ቀለበት ነው። አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ የመሬት ሽቦ፣ ሪሲቨሩ ደግሞ በዲሹ ገመድ በኩል ከጣሪያው የብረት ምሰሶ ጋር ሲገናኝ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው አነስተኛ የቮልቴጅ ልዩነት በድምፅ ገመዱ መከለያ ውስጥ ኮረንቲ ያሳልፋል። የአገራችን ኮረንቲ 50 ኸርዝ በመሆኑ የምንሰማውም 50 ኸርዝና ብዜቶቹን ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሁሉንም ዕቃ በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ይገባል፤ ይህ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ። ካልበቃ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ነቅሎ ማዳመጥ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ቀለበቱ የሚያልፈው በዚያ ነው። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡት ገመዶች በሙሉ ተነቅለውም ጉርምርምታው ከቀጠለ ግን ችግሩ በራሱ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አንዱንም መግዛት አይጠቅምም። ሻጮች የሚያቀርቡት ስታብላይዘርም ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ቀለበቱን አይቆርጥም።

በመስመር ላይ ገበያ ጎልቶ የሚታየው በአንቴና ገመድ መካከል የሚገባው የአንቴና አይሶሌተር ነው። በኬብል ቴሌቪዥን ወይም ማጉያ በሌለው ተራ የጣሪያ አንቴና ላይ በእርግጥ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ቀለበቱን ከመግቢያው ይቆርጠዋልና። ለዲሽ ግን አይሆንም። ሪሲቨሩ ለዲሹ ኤልኤንቢ (ከሳህኑ ፊት ለፊት ለተገጠመው ሲግናል ተቀባይ) 13 ወይም 18 ቮልት የሚልከው በዚያው ገመድ ሲሆን አይሶሌተሩ ይህን ኃይል ስለሚያግድ፣ ጉርምርምታው ከስርጭቱ ጋር አብሮ ይጠፋል! ስለዚህ ዲሽ ያለው ሰው ቀለበቱን መቁረጥ ያለበት በሪሲቨሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ነው።

በዚህ ቦታ ቀላሉ ምርጫ በቀይና ነጭ ገመድ መካከል የሚገባው የድምፅ ትራንስፎርመር ነው። ኃይል አይፈልግም፣ ማስተካከያም የለውም፤ ድምፁን በማግኔት አማካይነት ያሻግራል እንጂ ሁለቱን ወገን በሽቦ አያገናኝም። ድክመቱ በርካሾቹ ላይ ይታያል፦ ትንሹ የብረት እምብርት ዝቅተኛውን ድምፅ መሸከም ስለማይችል ከበሮው ባዶ ካርቶን የተመታ ይመስላል። ለዜናና ለድራማ ይህ ብዙ አያስከፋም፤ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ግን ትልቅ እምብርት ያለው፣ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ በትክክል እንደሚያሳልፍ የተገለጸለት የተሻለ ነው፣ ዋጋው ቢጨምርም። ከሸክላ ማጫወቻ በቀጥታ በሚወጣው ደካማ ሲግናል ላይ ግን ይህን ዕቃ ማስገባት አይመከርም።

እኔ የምመርጠው ኦፕቲካል ገመድን ነው። ድምፁ በብርሃን ስለሚሄድ የሚቆረጥ ቀለበት ራሱ አይኖርም፣ ባሱም አይጎድልም። አምፕሊፋየሩ ኦፕቲካል መግቢያ ከሌለው ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ይጨመራል፤ ሪሲቨሩ መውጫ ከሌለው ደግሞ የቴሌቪዥኑን መጠቀም ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ሣጥኑ ኃይሉን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ካገኘ ቀለበቱ በዚያ ሽቦ ተመልሶ ይፈጠራል፤ ስለዚህ የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል። የድምፅ መውጫውንም ወደ ፒሲኤም (ወዳልታመቀው ዲጂታል ድምፅ) ማስተካከል የግድ ነው፤ ርካሾቹ ሣጥኖች ዶልቢ የተባለውን የታመቀ ድምፅ አይፈቱምና። ኮአክሲያል የተባለው ዲጂታል መውጫ ከብረት ስለሆነ ቀለበቱን አይቆርጥም።

ብሉቱዝም ሽቦውን ያስቀራል፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ሊዘገይ ስለሚችል ለሙዚቃ እንጂ ለፊልም አልመርጠውም።

የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ወይም የዲሹን ምሰሶ ከመሬት የሚያገናኘውን ሽቦ መፍታት ጉርምርምታውን ሊያጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን የአምፕሊፋየሩን ብረት የሚነካን ሰው ለኮረንቲ፣ ቤቱን ደግሞ ለመብረቅ ያጋልጣል።

ትራንስፎርመር የሚገዛ ሰው ቴስተር ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል። የመግቢያው መሰኪያ የውጭ ብረትና የመውጫው መሰኪያ የውጭ ብረት ሲለኩ ቴስተሩ ጢጥ ካለ፣ ሁለቱ በውስጥ ተያይዘዋል ማለት ስለሆነ ዕቃው ለዚህ ሥራ አይሆንም።