ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ጫካ የመጣ ጥሬ ቡና በደሴ ጀበና ሲቀመስ

ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለችው የደሴት አገር የፓፑዋ ኒው ጊኒ ቡና በደሴ ገበያ አይገኝም፤ እኔም ያገኘሁት አውስትራሊያ የሚኖረው ያክስቴ ልጅ ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ ይዞልን ስለመጣ ነው። እኛ ዘንድ ቡና ተቆልቶ ከመጣ ግማሽ ክብሩ እንደሚቀር ስለሚያውቅ፣ በየቤታቸው ለሚቆሉ ሰዎች ከሚሸጥ ሱቅ ጥሬውን መርጦ ገዝቷል። ከረጢቱ ላይ የታጠበ ቡና መሆኑና የበቀለበት ክፍለ ሀገር ሞሮቤ መሆኑ ተጽፏል። ይህን ግምገማ የምጽፈው በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለውን ቡና መደርደሪያ ላይ ሲያዩ ለመግዛት ወይም ለማለፍ እንዲወስኑ ለመርዳት ነው፤ ስለ ጣዕሙ ብቻ ተናግሮ ማለፍ ግን አይቻልም፣ የዚህ ቡና ጥራትም ዋጋም የሚወሰነው በአብቃዮቹ መንደር አኗኗር ነውና።

ጥሬው ሰፌድ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ዐይን የሚገባው ንጽሕናው ነው። ፍሬው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሲሆን መጠኑም እምብዛም አይለያይም፤ ጠጠርና ገለባ ጨርሶ የለበትም፣ የተሰባበረ ፍሬም ጥቂት ነው። አልፎ አልፎ ግን በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ያለው ፍሬ ለቀማ ላይ ተገኝቷል፤ ይህ የቡና ፍሬ ሰርሳሪ የሚባለው ጥንዚዛ ሥራ ነው። ብረት ምጣድ ላይ ሲወጣ ከኛው ቡና ይልቅ ቀለሙን ለመለወጥ ይዘገያል፤ አንዴ ከጀመረ ግን ስለሚፈጥን ቆይዋ ከምጣዱ ዘወር ማለት የለባትም። በኛ አገር ልማድ ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብለጨልጭ ከተቆላ ምሬቱ ይጎላና ሌላው ቃና ሁሉ ይጠፋል፤ ፍሬው ተንጣጥቶ ዳማ መልክ እንደያዘ ወዲያው ከወረደ ግን ወደ ማር የሚያደላ መልካም ሽታ አለው፣ በሙቀጫ ሲወቀጥም ያው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል።

አቦሉ ለስላሳ፣ በጥቂቱ የሚጣፍጥና አፍ ላይ ጥርት ብሎ የሚቀር ነው፤ ጉሮሮ አይከረክርም፣ ያለ ስኳርም ይጠጣል። የይርጋ ጨፌን የአበባና የሎሚ ቃና፣ ወይም የሐረርን የወይን ጠጅ የሚመስል ኃይል የሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ ቡና አያገኝም። ቶናው ደህና ነው። አቦል ጀባ ሲባሉ መርቀው የተቀበሉት ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት እናት በስተመጨረሻ፣ «ልጄ፣ አቦሉ መልካም ነው፤ በረካው ግን ውኃ ሆነብኝ» ብለውኛል፣ ፍርዳቸውም ትክክል ነው። ሦስት ጊዜ ለሚፈላ ጀበና የሚበቃ አቅም ስለሌለው፣ ከሌላው ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ጨምሮ በቶናው ማብቃት ይሻላል።

ዝርያው በአመዛኙ ከኛው ምድር ወጥቶ በየመንና በጃቫ በኩል ዓለምን ከዞረው፣ ቲፒካ ከሚባለው የቡና ዘር የሚመዘዝ ነው። ወደዚያ ደሴት ገብቶ በሰፋሪዎች እርሻ ላይ ከተተከለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ደጋው ገበሬ ጓሮ ተዛምቷል፤ ዛሬም አብዛኛው ምርት የሚሰበሰበው ከእነዚህ ትናንሽ ጓሮዎች ነው። በሞሮቤ ክፍለ ሀገር፣ በሁዎን ባሕረ ገብ መሬት ተራሮች ላይ በሚገኘው ጫካ ውስጥ ያሉ ብዙ መንደሮች ላኤ ከምትባለው የወደብ ከተማ ጋር የሚያገናኛቸው የመኪና መንገድ የላቸውም። ቤተሰቡ የሚበላውን ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ሙዝ ከራሱ ማሳ ያገኛል፣ አሳማም ያረባል። መሬቱ የጎሣው ነው፤ በመላ አገሪቱም 97 በመቶ የሚሆነው መሬት በባህላዊ የጋራ ይዞታ ሥር ይገኛል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልብስ፣ ለሕክምና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመንደሩን ትምህርት ቤት ጨርሶ ከተማ ወርዶ ለሚማር ልጅ ነው፤ ያንን ገንዘብ ወደ መንደሩ የሚያመጣው ደግሞ በዋናነት ቡናው ነው።

ቡናው የሚታጠበውም ለጣዕም ተብሎ ብቻ አይደለም። ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚሆን እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ ሲያበቃ የሚቀረው 1 ኪሎ ያህል ነው፤ ስለዚህ ገበሬው በእጅ በሚዞር መፈልፈያ እየፈለፈለ፣ በምንጭ ውኃ እያጠበና በሸራ ላይ እያሰጣ ክብደቱን እዚያው መንደሩ ውስጥ ይቀንሳል። የወሎ ሰው፣ በተለይ የአምባሰልንና የቦረናን ገደል የሚያውቅ፣ መንገድ የሌለው አገር ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም፤ እኛ ግን ቢያንስ አህያና በቅሎ አለን። እዚያ መንደር የጭነት ከብት የለም። ሴቶቹ «ቢሉም» የሚባለውን ከዕፅ ጭረት የተቋጠረ መረብ ከረጢት ማንገቻውን አናታቸው ላይ አውለው፣ ወንዶቹም በትከሻቸው ተሸክመው ተራራ ላይ ወደ ተደለደለ የሣር ማረፊያ ያወጡታል፤ ከዚያ አነስተኛ አውሮፕላን ይጭነዋል። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በዚያ አገር የሚበርረው ሚሽን አቪዬሽን ፌሎሺፕ የተባለው የክርስቲያን ተልእኮ የበረራ ድርጅት ከእነዚህ አውሮፕላኖች የአንዳንዶቹ ባለቤት ነው። ደመና ከወረደ አውሮፕላን አይመጣም፤ በዚያ ዝናባማ አገር ማረፊያው ዳር የሚጠብቅ ቡና ደግሞ እርጥበት ስቦ ሽታው ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ከረጢት ጥሩ ሆኖ ሌላው ሻጋታ ሻጋታ ቢል፣ ጥፋቱ የአብቃዩ ነው ብሎ መደምደም ፍትሐዊ አይደለም። የበረራው ኪራይም ከገበሬው ድርሻ ላይ ይቀነሳል፤ የዓለም ዋጋ በወረደ ዓመት ፍሬውን ዛፉ ላይ ከመተው ሌላ ምርጫ የሌለው ቤተሰብ ይኖራል።

መንደሮቹ ግን እውነተኛ ተስፋም አላቸው። በዚሁ ባሕረ ገብ መሬት በዮፕኖ፣ በኡሩዋና በሶም ወንዞች ተፋሰስ የሚኖሩ ጎሣዎች ከየመሬታቸው ከፍለው ላለማደንና ዛፍ ላለመቁረጥ በመስማማታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ75 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን ጥብቅ ሥፍራ ተቋቁሟል፤ በአገሪቱ የጥብቅ ሥፍራ ሕግ መሠረት የታወጀ የመጀመሪያው ነው። ሥፍራው በዛፍ ላይ የሚኖረውና የማትሺ ካንጋሮ የሚባለው ብርቅዬ እንስሳ መኖሪያ ሲሆን፣ የጠባቂዎቹ መንደሮች ቡናም በቀጥታ ወደ አሜሪካ ቆይዎች መድረስ ችሏል። የዚህ ዋጋ የሚገባን ሌላውን አማራጭ ስናይ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የጎሣ መሬት በልዩ የእርሻና የንግድ ሊዝ ስም ለኩባንያዎች ተላልፏል፤ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽንም ከብዙዎቹ ባለመሬቶች ተገቢው ፈቃድ እንዳልተገኘ አረጋግጧል። ቡናው የልጅ ትምህርት ካልከፈለ፣ ግንድ ቆራጩ ኩባንያ ይዞት የሚመጣውን ገንዘብ እምቢ በሉ ማለት በጣም ከባድ ነው። በወረባቦና በተሁለደሬ የጓሮ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬም የሠራው ይህንኑ ስሌት ነው፤ ልወቅሰው አይቻለኝም።

ስጋቱ ከበሽታና ከተባይም በኩል ይመጣል። የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ያ ቀዳዳ የሚያበጀው ጥንዚዛ ደግሞ በ2017 ወደ አገሪቱ ገብተዋል። ጥንዚዛውን ለመከላከል ዛፉን መግረዝና የወደቀውን ፍሬ ሳይቀር ለቅሞ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ይህ የወጣት ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ወጣቱ ግን ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ እየወረደ ነው።

ለመግዛት ለምታስቡ የምመክረው የሚከተለውን ነው። ዋጋው በዚያው ሱቅ ከሚሸጠው የታጠበ የኛ ቡና ጋር ይቀራረባል፣ ለዚያ ዋጋም የሚገባ ቡና ነው። የአገሩን ስም ብቻ የያዘውን ትታችሁ ክፍለ ሀገሩን፣ ከተቻለም ሸለቆውን ወይም የገበሬዎቹን ማኅበር የሚጠራውን ምረጡ፤ «ፒ ኤስ ሲ» የሚለው ደረጃም የትናንሽ ገበሬዎችን የተሻለ ቡና ያመለክታል። በኔ ከረጢት ላይ ያየሁት ትልቁ ጉድለት የተለቀመበት ዓመት አለመጻፉ ነው። የዚያ አገር ዋና ለቀማ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሆነ፣ ገዢው ባለ ሱቁን የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ ጠይቆ፣ ዓመት ያለፈውን ጥሬ ባይገዛ ይሻለዋል።