ለፊኒሺንግና ለኤሌክትሪክ ሥራ ዋጋ ማውጫ፦ ኤክሴል፣ የስልክ አፕ ወይስ ፕላንስዊፍት?

አዲስ አበባ ላይ ቀለም፣ ጂፕሰም፣ ሴራሚክ፣ ሳኒተሪ ወይም ኤሌክትሪክ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ዋጋ ማውጫ ሶፍትዌር ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ማስታወቂያ ባብዛኛው ለአሜሪካና ለካናዳ ገበያ የተሠራ ነው። እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ለኛ ሥራ የሚሆነው የቱ እንደሆነ ጎን ለጎን ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ዲዛይኑን ሳይሆን የዕቃ ዋጋ ሲቀየር ፕሮፎርማውን በስንት ደቂቃ እንደምታስተካክሉ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ያኔ የገመድና የሴራሚክ ዋጋ በወረቀት ጽፎ የሰጠ ሰው ምን እንደገጠመው ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው ነገር የእጅ ብቻ (የሠራተኛ ዋጋ) እና ከነዕቃው ነው። ባለቤቱ ዛሬ ከነዕቃው ይልና ነገ ዕቃውን ራሴ እገዛለሁ፣ የእጅ ዋጋ ብቻ ንገረኝ ይላል፣ ስለዚህ የዕቃውና የእጁ ዋጋ ተለያይቶ ካልተቀመጠ ሁሉንም እንደ አዲስ ልትሠሩት ነው።

በነዚህ ሁለቱ ስመዝነው ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ይበልጣል፣ ይሄን ሳላቅማማ ነው የምለው። አንድ ሺት ላይ የዕቃ ዋጋ ብቻ ታስቀምጣላችሁ፣ ሌላው ላይ ለአንድ ካሬ ወይም ለአንድ ፖይንት (አንድ ሶኬት ወይም መብራት) የሚገባውን ዕቃ፣ የእጅ ዋጋና ብክነት። ለምሳሌ 120 ካሬ ግድግዳ ሦስት እጅ ቀለም (ሦስት ጊዜ የሚቀባ) ቢባል፣ ሊትሩ በአንድ እጅ 10 ካሬ ይሸፍናል ብላችሁ ብትይዙ 36 ሊትር ነው፣ 10% ብክነት ሲጨመር 40 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሁለት ባልዲ። ብሎኬትም እንደዛው ነው፣ ፊቱ 40 በ20 የሆነ ብሎኬት ለካሬ 12.5 ይገባል፣ ከስብራቱ ጋር 13 ትይዛላችሁ። ይሄ አንዴ ከተሠራ የባልዲው ዋጋ ሲጨምር አንድ ቁጥር ብቻ ቀይራችሁ ሙሉ ፕሮፎርማው ይስተካከላል። ጎግል ሺትስ ነጻ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል፣ ግን ሳይት ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ፋይሉን ኦፍላይን እንዲከፈት ቀድማችሁ አድርጉት። ኮምፒውተር ላላችሁ ሊብረኦፊስም ነጻ ነው። ጉድለቱ ለማዘጋጀት ጊዜ መውሰዱ ነው፣ አንድ ፎርሙላ ከተበላሸ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ዋናውን ፋይል ቆልፋችሁ ኮፒው ላይ ሥሩ።

እንደ ጆይስት ያሉ የስልክ አፖች ሌላ ጥቅም አላቸው። ቤት አይታችሁ እዛው ቆማችሁ ሎጎ ያለው ንጹህ ፒዲኤፍ ትልካላችሁ፣ ለትንሽ ጥገናና አንድ ክፍል ቀለም እሱ በቂ ነው። ነገር ግን አፑ ያስገባችሁትን ብዛት በዋጋ ያባዛል እንጂ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ አያስብላችሁም፣ ያ ሂሳብ አሁንም በጭንቅላታችሁ ነው የሚቀረው። ጆበርና ሃውስኮል ፕሮ ደግሞ ሠራተኛ መመደቢያ፣ ቀጠሮና የካርድ ክፍያ ነው ዋና ጉልበታቸው፣ የካርድ ክፍያው እዚህ ለማይሠራበት ሰው ወርሃዊውን በዶላር መክፈል ትርፉን መበተን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሪሞዴሊንግ ወይም ኤሲ የምትሠሩ ወገኖች ግን ነገሩ ለናንተ ይገለበጣል፣ ደንበኛው በስልኩ አጽድቆ እዛው ስለሚከፍል ወርሃዊ ክፍያው ሊያዋጣ ይችላል።

ፕላንስዊፍትና ብሉቢም ሬቩ ድሮዊንግ ለሚደርሳቸው ናቸው። ፒዲኤፉ ላይ ካሬና ርዝመት ትለካላችሁ፣ ሶኬትና መብራት ትቆጥራላችሁ። ሁለቱም ዊንዶውስ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ፣ ብሉቢም በፈረንጆች ከ2022 ጀምሮ በየዓመቱ የሚከፈል ሆኗል። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ላይ ሰብ ኮንትራት የምትወስዱና ቢኦኪው (የሥራ ብዛት ዝርዝር) ራሳችሁ የምታዘጋጁ ካልሆናችሁ አያስፈልጋችሁም። አውቶካድ የሚችል ልጅ አጠገባችሁ ካለ ካሬውን ከድሮዊንጉ አውጥቶ ሺታችሁ ላይ መሙላት ይችላል። ፒዲኤፍ ላይ የምትለኩ ከሆነ ግን ስኬሉን በአንድ የታወቀ ልክ ካስተካከላችሁ በኋላ በሌላ ልክ ፈትሹት፣ ፒዲኤፍ ሲሠራ ስኬሉ ሊዛባ ይችላልና።

የትኛውንም ብትመርጡ ትርፉን በምን እንደሚያሰላ እዩ። ወጪያችሁ 100,000 ሆኖ 20% ብትጨምሩ 120,000 ይሆናል፣ ከጠቅላላው የሚቀራችሁ ግን 16.7% ነው። ከጠቅላላው 20% እንዲቀር ከፈለጋችሁ በ0.8 ታካፍላላችሁ፣ 125,000 ይመጣል። የ5,000 ብር ልዩነት በአንድ ሥራ ላይ ትንሽ አይደለም። ቫት የተመዘገባችሁ 15%ቱን ከዚህ በኋላ ለብቻ በራሱ መስመር አስገቡ፣ ያልተመዘገበ ሰው ቫት ብሎ ማስከፈል አይችልም። አፑ ኢንቮይስ ብሎ የሚያወጣውንም ወረቀት እንደ ሕጋዊ ደረሰኝ አትስጡ፣ ለፕሮፎርማ ብቻ ነው የሚሆነው። የፕሮፎርማው ግርጌ ላይ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚያገለግል የሚጻፍበት ቦታ ከሌለው እሱን አፕ ተዉት።

ለሚከፈልበት ነገር ካርድ ከመስጠታችሁ በፊት በነጻው ሙከራ አንድ ያለቀ የድሮ ሥራችሁን ከዜሮ ጀምራችሁ አስገቡበት፣ የወጣውን ዋጋ በትክክል ካወጣችሁት ወጪ ጋር አስተያዩት። ከዛ የዕቃ ስሞችን በአማርኛ ጻፉና ፒዲኤፉን በሌላ ስልክ ክፈቱት፣ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ለደንበኛ አትልኩትም፣ ገንዘባችሁንም አታውጡበት።