«ኮሊንስኪ» የሚል የታተመበትን የ12 ብሩሽ ስብስብ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በኦንላይን ገበያዎች ላይ የሚዞር አንድ ዕቃ አለ፦ 9 ወይም 12 ብሩሽ በአንድ ከረጢት፣ ጥቁር ወይም ቀይ እጀታ፣ እጀታው ላይ በወርቃማ ፊደል «ኮሊንስኪ» (ለብሩሽ የሚመረጥ ውድ የአውሬ ጅራት ፀጉር ስም ነው) የሚል ጽሑፍ፣ ቁጥሩ ከ2 ተነሥቶ እስከ 20/0 የሚወርድ። የሁሉም ዋጋ ተደምሮ የአንድ እውነተኛ ኮሊንስኪ ብሩሽ ዋጋ አይሞላም። ትንንሽ የሐውልት ምስሎችን የምትቀቡም ሆናችሁ በብራና ላይ ደቃቅ ሥዕል የምትሠሩ፣ አትግዙት። ችግሩ ፀጉሩ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በታለፈ። የከፋው ቁጥሩ ላይ ነው።

28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ምስል ዓይኑ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው እንደ ክር የቀጠነ ብሩሽ ያስፈልገኛል» ይላል። ሻጩም ሐሳቡን ስለሚያውቅ ከረጢቱን በዜሮ ይሞላዋል። 0 አንድ ዜሮ ነው፣ 3/0 ሦስት ዜሮ፣ 10/0 አሥር ዜሮ፤ ዜሮው በበዛ ቁጥር ብሩሹ ይቀጥናል። የቀጠነ ብሩሽ ግን ሆድ የለውም። ሆድ የምንለው ከብረቱ አንገት ወጣ ብሎ ፀጉሩ ወፈር የሚልበትን ቦታ ነው። ቀለሙ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ጫፉ ምስሉን ሲነካ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሆድ የሌለው ብሩሽ የሚይዘው ጠብታ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ሲሆን ምስሉ ጋ ሳይደርስ ጫፉ ላይ ይደርቃል። ሠዓሊው እጁ የተንቀጠቀጠ ወይም ቀለሙ የወፈረ ይመስለዋል፤ ውሃ ይጨምራል፣ ቀለሙ ይፈስበታል፣ ከዚያ ደግሞ ከዚህም የቀጠነ ብሩሽ ፍለጋ ይሄዳል። ከረጢቱ ውስጥ ባለ ዜሮ ብሩሾች የበዙትም ለዚሁ ነው።

ዓይን የሚሠራው ጫፍ ነው። ጥሩ ቁጥር 1 ብሩሽ ሲረጥብ ጥቂት ፀጉሮች ላይ ያልቃል፤ በዚያ ጫፍ የሚወጣው መስመር ከ10/0 አይወፍርም፣ ከኋላው ደግሞ ሙሉ ሆድ ቀለም አለ። ደቃቅ ሥራ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ነገር በቁጥር 1 እና 2 የሚጨርሱት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ዕቃም ቢሆን የሚያሳስትበት ቦታ አለ። የእንግሊዙ ፋብሪካ ዊንዘር ኤንድ ኒውተን ሲሪዝ 7 የሚለው ብሩሽ የዘር ሐረጉ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1866 ካዘዘቻቸው ብሩሾች ይነሣል፤ ስሙም የምትወደው ቁጥር 7 ስለነበር ነው ይባላል። ይኸው ሲሪዝ 7 በሁለት መልክ ይሸጣል፦ አንዱ መደበኛው፣ ሌላው «ሚኒየቸር» (ደቃቅ ምስል) የሚል የተጻፈበት። ትንንሽ ምስል የሚቀባ ሰው ስሙን አይቶ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። የሁለተኛው ፀጉር አጠር ያለ ነው፤ የተሠራውም በጥንቱ የደቃቅ ገጽ ሥዕል አሠራር፣ በነጠብጣብና በአጫጭር ጭረት ለሚሠሩ ሰዎች ነው። አጭር ፀጉር ማለት ትንሽ ሆድ ማለት ስለሆነ፣ አክሪሊክ ለሚቀባ ሰው የሚሻለው መደበኛው ነው። ቃሉ የሚስበውን ያህል ለእናንተ አልተሠራም።

ቁጥርም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የፈረንሳዩ ራፋኤል 8404 ቁጥር 0 ከሲሪዝ 7 ቁጥር 0 በግልጽ ይተልቃል። ስለዚህ የተለያየ ስም ያላቸውን ብሩሾች በቁጥር ብቻ አታወዳድሩ። ገጹ ላይ የፀጉሩ ርዝመትና የአንገቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ፤ ካልመለሰ ተዉት።

አሁን ወደ ፀጉሩ። ኮሊንስኪ የሚባለው በሳይቤሪያና በአካባቢው የሚኖር፣ ከሙጭልጭላ ጋር የሚመሳሰል ቀጭን አውሬ የጅራት ፀጉር ነው፤ የሚመረጠው የክረምቱ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር መካከሉ ወፍሮ ወደ ጫፉ ይሾላል። የብሩሹ ሆድና ጫፍ የሚገኘው ከዚህ ቅርጽ ነው። ባለሙያው ፀጉሩን በእጁ እየለየ ያሰልፋል፣ ጫፉን ፈጽሞ በመቀስ አይነካም፤ የሚቆረጠው በአንገቱ ውስጥ በሙጫ የሚቀበረው ሥሩ ነው። በርካሹ ስብስብ ግን ፀጉሩ ብዙ ጊዜ የተቀባ ናይለን ነው፤ እውነተኛ ፀጉር ሲሆንም ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ የማይታወቅና ቅርጹ ከጫፍ በመቀስ የወጣ ይሆናል። ጫፉ የተቆረጠ ፀጉር መቼም አይሾልም፤ ብታጥቡትም፣ በሳሙና ብታሹትም ለውጥ የለም።

አውሬው ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሦስተኛ አባሪ ላይ በህንድ ጥያቄ የተመዘገበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አሜሪካ የሚገባው የኮሊንስኪ ብሩሽ በዚሁ የወረቀት ጉዳይ ተስተጓጉሎ ነበር። አቅርቦቱ እንዲህ ጠባብ ሆኖ ሳለ 12 ብሩሽ በሻይና በዳቦ ዋጋ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ማስታወቂያውን ደግሞ እስከ ታች አንብቡት፦ «የናይለን ፀጉር»፣ «ሰው ሠራሽ ኮሊንስኪ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ቃሉን እጀታ ላይ ለማተም ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

ዕቃው እጃችሁ ከገባ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ፈትኑት። አዲስ ብሩሽ ሁሉ ጫፉ የሾለ ይመስላል፤ ፋብሪካው በስታርች ወይም በግራር ሙጫ አድርቆ ነው የሚልከው። ስለዚህ ደረቁን አይታችሁ አትፍረዱ። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል እያንቀሳቀሳችሁ ሙጫውን አሟሙት። ከዚያ እጃችሁን አንዴ ወደ ታች ጠንከር አድርጋችሁ አራግፉት። ጥሩ ብሩሽ በራሱ ተሰብስቦ አንድ ጫፍ ያወጣል፤ መጥፎው ለሁለት ይከፈላል ወይም እንደ መጥረጊያ ይበተናል። ቀጥሎ አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ጋደም አድርጋችሁ ተጫኑትና ልቀቁት፤ ተመልሶ መቅናት አለበት፣ እንደታጠፈ ከቀረ ጉልበት የለውም። ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ ወረቀት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር መስመር ሳቡ፣ እየሳባችሁም እጀታውን በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ መስመሩ መካከል ላይ ከወፈረ አንድ ያፈነገጠ ፀጉር አለ። በመጨረሻ አንገቱን ይዛችሁ እጀታውን ነቅንቁት። መነቅነቅ የለበትም። አንገቱ ላይ በርዝመቱ የተጣጠፈ ስፌት ካለ ቀለምና ውሃ የሚሾልክበት መንገድ ነው፤ ደህናዎቹ ስፌት የሌለው ቱቦ ነው ያላቸው።

አንድ የወለቀ ፀጉር በክብሪት ማቃጠልም ይቻላል። ናይለን ቀልጦ ዶቃ ይሠራል፤ እውነተኛ ፀጉር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲታሽም አመድ ይሆናል። ይህ ግን የሚነግራችሁ ፀጉር መሆኑን ብቻ ነው። የፍየልም ፀጉር እንዲሁ ይሸታል። የሚፈርደው የውሃው ፈተና ነው፤ ስመ ጥር ፋብሪካ ያወጣው ብሩሽ እንኳ አልፎ አልፎ ይወድቅበታል። የወደቀውን በእርጥቡ ፎቶ አንሥታችሁ መልሱ።

ሻጭ ገንዘብ ላለመመለስ የሚያቀርባት መልስ አንድ ናት፦ «አጠቃቀማችሁ ነው ያበላሸው»። አንዳንዴም እውነቱን ነው፣ ስለዚህ ለይታችሁ ቅረቡ። ሙጫው በሟሟ በመጀመሪያው ቀን የተከፈለ ጫፍ የፋብሪካ ነው። ከሳምንታት በኋላ የተከፈለና አንገቱ ሥር የደረቀ ቀለም የሚታይበት የተጠቃሚው ነው፦ ቀለሙ ከፀጉሩ እኩሌታ በላይ ሲነከር አንገቱ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ እዚያ ደርቆ ፀጉሩን ከሥሩ ይፈለቅቀዋል። መጀመሪያ ሲታጠብ ሁለት ሦስት ፀጉር መርገፉ ያለ ነው፤ በየቀኑ ከረገፈ የአንገቱ ሙጫ አልያዘም። በሙቅ ውሃ ካጠባችሁት ግን ሙጫውን ያላላችሁት እናንተ ናችሁ። እጀታው ተሰነጣጥቆ ቀለሙ ከተላጠ ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ አድሯል ማለት ነው። የናይለን ጫፍ እንደ መንጠቆ መታጠፉ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ጥቂት ሰከንድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቃናል፣ ከዚያ ተመልሶ ይታጠፋል።

በዚያው ገንዘብ ላይ ጨምራችሁ ምን ትገዛላችሁ? አንድ ቁጥር 1 ኮሊንስኪ ከታወቀ ፋብሪካ፣ ሁለት ደህና ናይለን ብሩሾች ቁጥር 2 እና 4። ይበቃል። ኮሊንስኪውን ለፊት፣ ለዓይን፣ ለጨርቅ እጥፋትና ለጥላ ብቻ። መደብ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ የወርቅና የብር ቀለም በናይለኑ። ወርቃማ ቀለም ውስጥ ያለው ብልጭልጭ ቅንጣት ፀጉር ሥር ይሸጎጣልና የማጠቢያ ውሃውንም ለዩት፤ አለዚያ የቅዱሱ ፊት ላይ ብልጭታ ታገኛላችሁ። በደረቅ ብሩሽ እየፈተጉ ከፍ ያሉ ቦታዎችን ለማጉላት ያረጀ ክብ የሜካፕ ብሩሽ ከማንኛውም የተሻለ ነው። ከረጢቱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት፤ በውሃው ፈተና ያለፉ አንድ ሁለት ብሩሾች ይገኛሉ፣ የቀሩት ቀለም ለማማሰልና ሙጫ ለመቀባት ይሆናሉ።

ኮሊንስኪውን በየጥቂት ደቂቃው አለቅልቁት፤ ማታ በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና መዳፋችሁ ላይ እያሻችሁ አረፋው እስኪነጣ እጠቡት፣ ጫፉን በጣታችሁ አሹሉት፣ አጋድማችሁ አድርቁት። ሲደርቅ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ አስገቡት፤ እውነተኛ ፀጉርን ብል ይበላዋል። ናይለንን አይነካም፣ ይህ እንግዲህ የናይለን አንድ ብልጫ ነው።

አገር ቤት ላላችሁና ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምታስቸግሩ፦ «ጥሩ ብሩሽ አምጣልኝ» ብትሉት ያንኑ ከረጢት ነው ይዞ የሚመጣው፤ ብዙ ስለሆነ ደስ እንድትሉለት። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ «አንድ ብቻ። ክብ፣ ቁጥር 1፣ ኮሊንስኪ፣ ሚኒየቸር የሚል ያልተጻፈበት፤ ከሥዕል ዕቃ መደብር። ውሃ ካላቸው አስነክረህ አራግፈው፣ ጫፉ አንድ ካልሆነ ሌላ ይስጡህ። ደረሰኙን አትጣል። ሻንጣው ውስጥ በጠንካራ ቱቦ ይሁን፤ የላስቲክ ክዳኑን ስትመልስ ፀጉሩ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቅ።»