ባለመስታወቱ የተማሪ ማይክሮስኮፕ፦ ሕዋስን ለማሳየት ይበቃል?

የሕዋስን ክፍሎች ለማስተማር አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ለሚችል የወሎ ትምህርት ቤት፣ ከባለቀለሙ የፕላስቲክ ሞዴል ይልቅ በመስታወት ብርሃን እየሰበሰበ የሚሠራው የተማሪ ማይክሮስኮፕ ይሻላል። መብራት ቢጠፋም መስኮት ዳር አስቀምጦ ማስተማር ይቻላል። መስታወቱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ማዞር ግን ዓይን ያጠፋል።

ባለ 10 የዓይን ሌንስ በናሙናው በኩል ካሉት ባለ 4፣ ባለ 10 እና ባለ 40 ሌንሶች ጋር ሲሠራ 40፣ 100 እና 400 እጥፍ ያጎላል። አንዳንዱ ባለ 25 የዓይን ሌንስ ተጨምሮበት «1000 እጥፍ» ተብሎ ይሸጣል፤ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር ስለማይታይበት ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ለናሙና የቆቦ ቀይ ሽንኩርት ግሩም ነው። ከሥጋው ውስጠኛ ጎን ስሱን ሽፋን በወረንጦ ላጥ አድርጎ፣ ጥፍር የሚያህል ቆርጦ፣ ስላይድ (ናሙና የሚቀመጥበት መስታወት) ላይ ባለ አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ መዘርጋት፤ ለማቅለም አንድ ጠብታ አዮዲን ጠብ አድርጎ 2 ደቂቃ መጠበቅ። ናሙናውን የሚሸፍነው ስስ ክዳን መስታወት በአንድ ጎኑ ተደግፎ ቀስ ብሎ ይውረድ። ዱብ ካለ አየር ይታፈናል፤ ተማሪውም ያንን ጥቁር ጠርዝ ያለው ክብ፣ የሕዋሱን ሥራ የሚመራው ኒውክለስ ነው ብሎ ይሥለዋል። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

በ100 እጥፍ እንደ ድንጋይ ካብ የተደረደረው የሕዋስ ግድግዳ ይታያል። በ400 ኒውክለሱ ወደ ዳር ተገፍቶ ይገኛል፤ መሃሉን የያዘው ውሃ የቋጠረው ቫኪዩል ነው። የሚገባና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው ገለፈት ግን ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈ አይለይም። እሱን ለማሳየት ከሽንኩርቱ ቀይ ውጫዊ ጎን ሌላ ናሙና መላጥና በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጨመር ነው። ሕዋሱ ውሃ ሲያጣ ቀዩ ክፍል ተኮማትሮ ከግድግዳው ይሸሻል፤ የቀዩ ጠርዝ ገለፈቱ ያለበትን ያመለክታል። እዚህ ላይ አዮዲን አይጨመርም፤ ሕዋሱን ስለሚገድለው ሙከራው ይከሽፋል።

በብርሃን ምግብ ለሚሠራው አረንጓዴ ክፍል፣ ለክሎሮፕላስት፣ በክረምት ካብ ላይ የሚበቅለው ሞስ ያለ ምንም ቀለም ይበቃል፤ ቅጠሉ ባብዛኛው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ከምግብ ጉልበት የሚያወጣውን ሚቶኮንድሪያ ከዚህ ዕቃ መጠበቅ አይገባም። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ደግሞ ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ብቻ ስለሆነ ከተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ አቅም በታች ነው። ለሁለቱ ሥዕል ይዘጋጅ።

ሲገዛ የባለ 40 ሌንሱ ጫፍ በጣት ጫን ሲባል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ስፕሪንግ ከሌለው ስላይድ ይሰብራል፣ ሌንሱም ይጫራል። ጥራት ሲስተካከልም መጀመሪያ ከጎን እያዩ ሌንሱን ወደ ስላይዱ ማስጠጋት፣ ከዚያ በዓይን ሌንሱ እያዩ ማራቅ እንጂ በተቃራኒው አይደለም።

የደሴ የክረምት ጉምና እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሮ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከረጢቱንም በየጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል።