መዝጊያ ያለው ብራኬት ከ18 ወር በኋላ፦ ሰበቃው ቀንሷል፣ ጊዜውስ?

የሚገመገመው ጥርስ የሚያስተካክል የብረት ብሬስ ነው። ብራኬቱ፣ ማለትም ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ብረት፣ የራሱ ተንሸራታች መዝጊያ ስላለው ሽቦውን ለማሰር የላስቲክ ቀለበት አያስፈልገውም። ሽቦው የሚገባበት ቦይ ስፋት 0.022 ኢንች፣ ማለትም 0.56 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መዝጊያው ሽቦውን አይጫነውም፤ እንደ በር ከፊት ይዘጋበታል እንጂ። ይህ ብራኬት የሚሸጠው «ሰበቃው አነስተኛ ስለሆነ ጥርስ ቶሎ ይስተካከላል» እየተባለ ነው። ከ18 ወር አጠቃቀም በኋላ የዚህ አባባል ፊተኛው ክፍል እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ኋለኛው ግን ከፊተኛው አይከተልም።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥርስ በሽቦ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚይዘው ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በሽቦውና በቦዩ መካከል ያለው ተራ ሰበቃ ነው። ሁለተኛው መቀርቀር ነው፤ ጥርሱ ትንሽ ሲያዘነብል ሽቦው የብራኬቱን ሁለት ተቃራኒ ጠርዞች ይነክሳል፣ በአንድ ጎን ብቻ ተስቦ እንደሚያዝ መሳቢያ ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጠርዙ ሽቦው ላይ ጠባሳ አውጥቶ እዚያው ሲያቆመው ነው። መዝጊያው የሚያቃልለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የዚህ ብራኬት ምርጥ ጊዜ ናቸው። ሥራው የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ በክብ 0.014 ኢንች የኒኬል ታይታኒየም ሽቦ ሲሆን፣ በሰፊው ቦይ ውስጥ ብዙ ክፍተት ያገኛል። በተለመደው ብራኬት ላይ ቀለበቱ ሽቦውን ወደ ቦዩ ወለል ይጫነዋል። ቀለበቱ በመጀመሪያው ቀን ብቻ የጉልበቱን ግማሽ ገደማ ስለሚያጣና ምራቅ ስለሚያረጥበው ጭነቱ ከጥርስ ጥርስ ይለያያል። እዚህ ግን የሚጫን ነገር የለም። የተጣበቡ የፊት ጥርሶች ሲዘረጉ ትርፉ ሽቦ በነፃነት ወደ ኋላ ያልፋል።

ይህ ነፃነት የራሱ ጣጣ አለው። ከመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ጀርባ የሽቦው ጫፍ ጉንጭ መውጋት ሲጀምር ብዙ ሰው ሽቦው የተበላሸ ይመስለዋል። እውነቱ ጠማማው ሽቦ እየተቃና ስለመጣ ትርፉ ወጣ ማለት ነው፤ ጥርሱ እየሄደ ለመሆኑ ምልክት ነው። የከፋው ሽቦው ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ነው። በቀኝ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ካለው መያዣ ቱቦ ይወጣል፣ በግራ ደግሞ ይወጋል፤ የሚይዘው ነገር የለምና። መፍትሔው ሽቦው ላይ የሚጨመቅ ትንሽ የብረት ማቆሚያ ነው። በሁለት ብራኬቶች መካከል፣ ጥርሶቹ ባልተጣበቡበት ቦታ ይደረጋል፤ በተጣበቡበት ቦታ ከተደረገ ሽቦው ማለፍ ያለበትን መንገድ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሽቦ ሲገባ ጀምሮ ማቆሚያ መኖሩን ጠይቁ። የኒኬል ታይታኒየም ሽቦ ጫፍ እንዲታጠፍ ከተፈለገ አስቀድሞ በእሳት መለስለስ አለበት፤ ያልለሰለሰ ጫፍ ተመልሶ ይቃናና ይወጋል። እስከ ቀጠሮው ድረስ ቦታውን በሶፍት አድርቁ፣ የአተር ፍሬ የምታህል የብሬስ ሰም በጣት አድቦልቡሉና ጫፉ ላይ ጫኑት። ካልደረቀ አይይዝም። ጫፉን በቤት መቀስ መቁረጥ ግን አይመከርም፤ ሐኪሙ የሚጠቀምበት መቁረጫ ቁራጩን ይዞ ያስቀረዋል፣ የቤቱ ወደ ጉሮሮ ሊለቀው ይችላል።

ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘን ሽቦዎች ይገባሉ፤ በስተመጨረሻም ብዙውን ጊዜ 0.019 በ0.025 ኢንች የስቴይንለስ ስቲል ሽቦ። ልዩነቱ የሚደበዝዘው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ብራኬት ውስጥ 0.016 ሽቦ ጠርዞቹን ከመንከሱ በፊት ጥርሱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል ይችላል። በ0.019 ሽቦ ይህ ወደ 1.5 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚያ አንግል ካለፈ መቀርቀሩ ተራውን ሰበቃ ይውጠዋል፤ በሩ ተዘጋ ቀለበት ታሰረ ብዙም ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ በጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት በመሳብ ከመዘጋቱ በፊት ሽቦው ቢያንስ አንድ ወር ያህል ሳይሳብ አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ሽቦው ወጥቶ ሲመለስ በሁሉም ቦዮች ውስጥ ሳይታገል የሚገባ ከሆነ ጥርሶቹ ተደርድረዋል ማለት ነው፤ አንዱ ጋ ጫን ማለት ካስፈለገ ገና ነው። ይህን ወር ዘሎ መሳብ ያለውን ጉዳት ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። የተቀረቀረ ጥርስ ስለማይሄድ ጉልበት ይጨመራል፤ የተጨመረው ጉልበት ደግሞ መልሕቅ እንዲሆን የታሰበውን የኋላ መንጋጋ ወደ ፊት ይጎትተዋል። በዚህ መንገድ የጠፋ ቦታ በቀላሉ አይመለስም።

የሽቦው ማቴሪያልም ይወስናል። ከተለመዱት ውስጥ ስቴይንለስ ስቲል በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ኒኬል ታይታኒየም ሻካራ ነው፣ ቤታ ታይታኒየም ደግሞ ከብረቱ ብራኬት ጋር የመጣበቅ ጠባይ ስላለው የባሰ ይይዛል። ክፍተት በማንሸራተት የሚዘጋ ከሆነ በስቲል ሽቦ መሆኑ ተገቢ ነው። ሁለቱንም ጎን በ150 ግራም ገደማ በሚስብ ጥቅል ስፕሪንግ ሲዘጋ የሚጠበቀው ፍጥነት በወር 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የ7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሰባት ወር ያህል ይፈልጋል፤ አጥንቱ ራሱን የሚያድስበት ፍጥነት ነው የሚወስነው። ሁለቱን የብራኬት ዓይነቶች በሕሙማን ላይ ያወዳደሩ ጥናቶችም በጠቅላላው የሕክምና ጊዜ ግልጽ ልዩነት አላገኙም። የሚተርፈው በየቀጠሮው ወንበር ላይ የሚቆጠብ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ጃኮብ ስቶልዘንበርግ መዝጊያ ያለው ብራኬት ያቀረበው በ1935 ነው።

ወራት ሲቆጠሩ ሰበቃውን የሚጨምረው ከብረቱ ይልቅ ቆሻሻው ሆኖ ይገኛል። አፍ ውስጥ የቆየ ሽቦ ላይ ንጣፍ ይጋገርና ይሻክራል። በተለይ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች አጠገብ የምራቅ እጢ ስለሚከፈት ድንጋይ የሚሠራው ቶሎ ነው፤ ድንጋዩ በመዝጊያው ሐዲድ ውስጥ ሲገባ በሩ አልከፈትም ይላል። ብሩሹን ከድድ በኩል በ45 ዲግሪ አዘንብሎ መጀመሪያ ከብራኬቱ በላይ፣ ከዚያ በታች፣ በመጨረሻም በጥርስ መሐል ብሩሽ በሽቦው ሥር ማለፍ ነው። የተጣበቀ በር በጉልበት ከተከፈተ ወይ ይጣመማል፣ ወይ ብራኬቱ ከጥርሱ ይነቀላል። መጀመሪያ ጠርዙ ይፋቅ፣ ከዚያ ይከፈት። ያው ሽቦ ተመልሶ የሚገባ ከሆነም ከመግባቱ በፊት በአልኮል በራሰ ፋሻ እንዲጠረግ ጠይቁ፤ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

በሩ በራሱ ሊከፈትም ይችላል። ማታ ማታ በመስታወት እያያችሁ የበሮቹ ጠርዝ በአንድ መስመር መሆኑን አረጋግጡ። ሳይታይ ለሳምንታት ከቆየ ጥርሱ ወደ ቀድሞ ጠመዝማዛው መመለስ ይጀምራል። በመርፌ ወይም በቢላ አትነካኩት፤ ሐኪሙ ጋ ደውሉ። ብራኬቱ ከላይና ከታች የማሰሪያ ክንፍ ካለው ሐኪሙ በ0.010 ኢንች ማሰሪያ ሽቦ አስሮ ሥራውን ያስቀጥለዋል። ክንፍ ከሌለው ብራኬቱ ራሱ መቀየር አለበት። ስለዚህ ይህን ዓይነት ከመምረጥ በፊት መጀመሪያ መታየት ያለበት ክንፉ ነው።

ማጠናቀቂያው ላይ በሽቦውና በቦዩ መካከል ያለው ክፍተት ጠላት ይሆናል። 0.019 በ0.025 ሽቦ በ0.022 ቦይ ውስጥ ጥርሱን ከመያዙ በፊት 10 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ የፊት ጥርስ ሥር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዘንበል ሲኖርበት ይህ ብዙ ነው። ትንሽ የተጠማዘዘች ጥርስም በዚሁ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሳትቃና ትቀራለች። ሐኪሙ ወይ ወፍራም ሽቦ ያስገባል፣ ወይ ሽቦውን ያጥፋል፣ ወይ በክንፉ ላይ ቀለበት ይጨምራል፤ ላስቲክ አያስፈልግም የተባለው ብራኬት ያኔ ላስቲክ ይታሰርበታል። ወፍራም ሽቦ ሲገባ ሽቦውን እንደ ስፕሪንግ የሚጫን መዝጊያ ያላቸው ብራኬቶች ይህን ጊዜ የተሻለ ይይዛሉ፣ በምላሹ ግን ሰበቃቸው ይጨምራል። ጥርሱ በጣም ለተጣበበና ብዙ መዘርጋት ለሚያስፈልገው ሰው የማይጫነው ይሻላል። ጥርሱ ከሞላ ጎደል የተደረደረ ሆኖ የተጠማዘዙትን ማቃናት ብቻ የቀረው ሰው ግን የሚጫነውን ወይም ተራውን ባለ ቀለበት ብራኬት ቢመርጥ ምንም አይቀርበትም።